ካለበት የማይነቃነቅ ደመና፤ ደራሽ ጎርፍ ቀድሞ የሚታወቀው እንዴት ነው?

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም ድሬዳዋ በእንቅልፍ ላይ ነበረች። ከተማዋን ከዚራ እና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ወቅት ውኃ የማይታይበት፣ ሰው እና እንስሳ በእግር የሚያቋርጡት ሰፊ አሸዋ ነው። በዚያ ሌሊት ግን ከተራራው የወረደው ውኃ ደቻቱን ሞልቶ፣ ከገደቡ አልፎ፣ ግንብ እየናደ እና ቤት ከነነዋሪው እየጠረገ ሄደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህዎች የሚቆጠሩት ደግሞ መጠለያ አጡ።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የቆላ ከተማ ናት። የደቻቱ ውኃ የሚሰበሰበው ግን ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው የምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚኖር ሰው ቀና ብሎ በራሱ ሰማይ ላይ በማየት ብቻ የሚመጣበትን ሊያውቅ አይችልም። አደጋው የሚጸነሰው በሌላ ሰማይ ሥር፣ በሌላ ሰው ማሳ ላይ ነው።

በሜትሮሎጂ ሙያ ዝናብ ከጣለ በኋላ በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ የሚደርስ ጎርፍ ደራሽ ጎርፍ ይባላል። በፎገራ ሜዳ ላይ ርብ እና ጉማራ ሞልተው ከሚያስከትሉት የውኃ መተኛት የሚለየውም በዚህ ነው። የወንዝ ሙላት ከላይ እየጨመረ፣ ቀናትን እየወሰደ ይመጣል፤ እህልን ለማውጣት እና ከብትን ወደ ከፍታ ለመንዳት ጊዜ ይሰጣል። ደራሽ ጎርፍ ግን ከሰማይ እስከ ደጃፍ ያለውን መንገድ የሚጨርሰው አንዳንዴ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ባለው ጊዜ ነው።

ስለ ዝናብ ሲወራ በአብዛኛው የሚጠየቀው ምን ያህል ኃይለኛ ነበር የሚለው ነው። ለደራሽ ጎርፍ ትንበያ ግን ከዚህ እኩል፣ ብዙ ጊዜም ከዚህ በላይ የሚከብደው ጥያቄ ዝናቡ በአንድ ቦታ ላይ ምን ያህል ቆየ የሚለው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ፣ 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ነጎድጓዳማ ደመና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ቢያልፍ፣ አንድ ማሳ በዝናቡ ሥር የሚቆየው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። የሚደርሰውም 20 ሚሊ ሜትር ይኾናል። ያው ደመና በእግረኛ ፍጥነት፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢንቀሳቀስ ግን ማሳው 2 ሰዓት ሙሉ ይዘንብበታል፤ 120 ሚሊ ሜትርም ይደርሰዋል። የዝናቡ ጉልበት ያው ነው፤ የደመናው እግር ከበደ እንጂ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር መሬት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 200 ሊትር በሚይዘው በርሜል ሲለካ 250 በርሜል ውኃ ወረደ ማለት ነው። 120 ሚሊ ሜትር ሲኾን 1 ሺህ 500 በርሜል ይኾናል። የመጀመሪያውን መሬቱ ይጠጣዋል፤ ሰብሉም ይደሰትበታል። ሁለተኛውን ግን በተለይ ተዳፋት ላይ ያለ መሬት ሊይዘው አይችልም። 50 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍን ተፋሰስ ላይ ይህ መጠን ቢዘንብ እና ግማሹ እንኳ ወደ ወንዝ ቢወርድ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ በአንድ ጠባብ በር ለመውጣት ይጋፋል።

ታዲያ ደመና ለምን ካለበት ይቆማል? አንድ ነጠላ የነጎድጓድ ደመና ዕድሜው አጭር ነው። ተፈጥሮ፣ አድጎ፣ ዘንቦ እስኪበተን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቢወስድበት ነው። የሚነዳውም ከሥሩ ያለው የመሬት ነፋስ ሳይኾን በመካከለኛ ከፍታ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ ሲዳከም ደመናው የሚገፋው ያጣና ውኃውን በተወለደበት ቦታ ላይ ያራግፋል። ኾኖም አንድ ደመና ብቻውን ቢቆም በአንድ ሰዓት ውስጥ ባለቀለት ነበር። የከፋው ነገር የሚመጣው ከሥር እርጥብ አየር ሳያቋርጥ ሲመግበው፣ አሮጌው ሲሞት አዲሱ በዚያው ስፍራ ሲተካ ነው።

ይህንን ለመረዳት ምድጃን ማሰብ ይበቃል። ከምድጃ የሚነሣው ጭስ በነፋስ ተገፍቶ ይሄዳል፤ ምድጃው ግን ካለበት አይነቃነቅም፤ ስለዚህም ጭስ በዚያ ቤት ላይ ሁልጊዜ አለ። በሰማይም እንዲሁ ይኾናል። እርጥብ ነፋስ የተራራ ገደል ሲገጥመው ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሠራል። ነፋሱ እስካላቆመ ድረስ ያ ገደል ምድጃ ነው። ከቀድሞው ዝናብ ሥር የወጣው ቀዝቃዛ አየር በመሬት ላይ ሲንሸራተት እርጥቡን አየር ከፊቱ ስለሚያነሣ እርሱም ሌላ ምድጃ ይኾናል። አንዳንዴ እያንዳንዱ ደመና ወደ ምሥራቅ ሲሄድ አዲሶቹ ደግሞ በምዕራብ በኩል እየተወለዱ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ከሩቅ ሲታይ የደመናው ክምር በሙሉ የቆመ ይመስላል።

ሌላው መንገድ መደጋገም ነው። ከድሬዳዋ ታሪክ ጋር ተያይዞ ባቡርን የማያውቅ ስለሌለ ምሳሌው ቅርብ ነው። ፉርጎዎች በአንድ ሐዲድ ላይ ተከታትለው በአንድ ጣቢያ እንደሚያልፉ ሁሉ ደመናዎችም በአንድ መስመር ተሰልፈው በአንድ ሸለቆ ላይ ተራ በተራ ያልፋሉ። እያንዳንዱ ፈጣን ነው፤ እያንዳንዱ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ጥሎ ይሄዳል። ስድስተኛው ሲያልፍ ግን ሸለቆው 120 ሚሊ ሜትር ተቀብሏል። እዚህ ላይ ሰው በቀላሉ ይታለላል። በመካከል ዝናቡ ጋብ ይላል፤ ፀሐይም ብልጭ ትላለች፤ አለፈ ተብሎ ከብት ወደ ወንዝ ይነዳል።

የቆመ ደመና ምን እንደሚያደርስ ዓለም በደንብ ያየው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ቢግ ቶምፕሰን በተባለ ጠባብ ሸለቆ ነው። ሐምሌ 24 ቀን 1968 ዓ.ም ምሽት ላይ በሸለቆው የላይኛው ክፍል አንድ የነጎድጓድ ደመና ክምር ለሰዓታት ሳይነቃነቅ ቆመ። ከታች ከሜዳው የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ተራራውን እየወጣ ይመግበዋል፤ ከላይ ያለው ነፋስ ደግሞ ሊገፋው የሚችል ጉልበት አልነበረውም። በ4 ሰዓት ገደማ ውስጥ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ወረደ። ዕለቱ የዕረፍት ቀን ስለነበር ሸለቆው በእንግዶች ተሞልቶ ነበር፤ ከ140 በላይ ሰዎች አለቁ። ብዙዎቹ በመኪናቸው ጎርፉን ቀድመው ለማምለጥ በሸለቆው መንገድ ቁልቁል የነዱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በኮሎራዶ ሸለቆዎች መንገድ ዳር ጎርፍ ሲመጣ ወደ ላይ ውጡ የሚሉ ምልክቶች ተተክለዋል። መኪናን ትቶ ዳገቱን ጥቂት ሜትሮች መውጣት ብዙዎችን ባተረፈ ነበር።

የተደጋጋሚው ደመና ምሳሌ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም በስፔን ቫሌንሲያ ግዛት ከሜዲትራኒያን ባሕር የተነሣ እርጥብ አየር በተራሮች ላይ እየተገፋ በአንድ አካባቢ ደመና በደመና ላይ ተደራረበ። ቱሪስ በተባለች ከተማ በአንድ ቀን ከ770 ሚሊ ሜትር በላይ፣ በአንድ ሰዓት ብቻ ደግሞ ከ180 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ተመዘገበ። የቀኑ መጠን ድሬዳዋ በአማካይ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። ከተራራው ወደ ታች ያለችው ፓይፖርታ ግን ያን ያህል ዝናብ አልጣለባትም። በመካከሏ ያለው፣ እንደ ደቻቱ አዘውትሮ ደረቅ የኾነው የፖዮ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ነው ነዋሪዎቿን የወሰደው። በግዛቱ ከ220 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ስለ ቫሌንሲያ ሊነገር የሚገባው ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የስፔን ሜትሮሎጂ ተቋም ከፍተኛውን የቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር። ለነዋሪዎች በስልክ የተላከው የአደጋ መልእክት የደረሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ውኃው ቤት ገብቷል። ትንበያው ነበረ፤ ትንበያውን ወደ ሰው ጆሮ ያደረሰው ግን ዘገየ። ራዳር እና ሳተላይት ሞልቶ በተረፈበት አገር ይህ ከደረሰ፣ መሣሪያ መግዛት ብቻውን ችግሩን ይፈታል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

የትንበያው ሥራ ራሱ ደረጃ በደረጃ የሚካሄድ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን አስቀድሞ ባለሙያዎች የሚፈልጉት ንጥረ ነገሮቹ መገናኘታቸውን ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ምን ያህል ጥልቅ ነው? ከሥር ያለው አየር ወደ ላይ ለመነሣት ዝግጁ ነው? በመካከለኛ ከፍታ ያለው ነፋስ ደካማ ነው? ከሥር የሚመጣው ነፋስስ የትኛውን ተራራ ይገጥማል? እነዚህ በባሉን ልኬት እና በኮምፒውተር ስሌት ይታወቃሉ። አራቱም በአንድ ቀን ከተገናኙ በዚያ አካባቢ አደጋ ሊኖር እንደሚችል መናገር ይቻላል። የትኛው ወንዝ እንደሚሞላ፣ የትኛው ቀበሌ እንደሚመታ ግን አንድ ቀን አስቀድሞ ማንም ሊናገር አይችልም። የደመናው ስፋት 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ተራራ ወዲህ ወይም ወዲያ መውደቁ የሚወሰነው በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ነው።

ብዙ ሰው በሜትሮሎጂ ላይ እምነት የሚያጣውም እዚህ ላይ ነው። ጎርፍ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም ይባላል። ከተራራው ማዶ ያለው ወረዳ ግን በዚያው ሌሊት ድልድይ ተወስዶበት ሊኾን ይችላል። የአንድ ቀን ቀድሞ ትንበያ የሚለው በዚህ አካባቢ ዝግጁ ኹኑ ነው፤ በእናንተ ደጅ ይደርሳል ብሎ ቃል አይገባም። ይህንን ልዩነት ደግሞ ትንበያውን የሚያስተላልፉ መገናኛ ብዙኃንም ሁልጊዜ አያስረዱም።

ደመናው ከተነሣ በኋላ ተራው የሳተላይት እና የራዳር ነው። በአፍሪካ ሰማይ ላይ ያሉት ሜቴኦሳት የተሰኙት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየደቂቃዎቹ ፎቶ ያነሣሉ። ሳተላይቱ የሚያየው ግን የደመናውን አናት ነው። አናቱ በላይኛው ነፋስ ተጎትቶ ሲንጣለል ደመናው የሚጓዝ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው የዝናብ እምብርት ግን ካለበት ሊኾን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው የሚከታተለው በጣም ቀዝቃዛው ነጥብ እና መብረቁ በየትኛው ቦታ እየተደጋገመ እንደኾነ ነው። ራዳር ዝናቡን ራሱን ስለሚያይ ከዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን ጨረሩን ተራራ ይጋርደዋል፤ እንደ ኢትዮጵያ ባለ ተራራማ አገር ደግሞ አንድ ራዳር ከጀርባው የማያየው ሸለቆ ብዙ ነው።

የዝናብ መለኪያስ? በመደበኛው የእጅ መለኪያ ውኃው የሚነበበው በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የጣለውን ከባድ ዝናብ ብሎ ይመዘግባል። ይህ አኃዝ ለሰብል ክትትል ጥሩ ነው። ለደራሽ ጎርፍ ግን አንድ ቁም ነገር ይሸሽጋል፦ 40 ሚሊ ሜትር ቀኑን ሙሉ ካፊያ ኾኖ ወርዶ እንደኾነ ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ ተደፍቶ እንደኾነ አይናገርም። በዚያ ላይ መለኪያው ያለው ከተማ ውስጥ፣ ዝናቡ የጣለው ተራራው ላይ ሲኾን መዝገቡ ባዶ ኾኖ ጎርፉ ይመጣል። በተፋሰሱ ራስጌ የሚተከል፣ በየደቂቃው ራሱ የሚልክ መለኪያ ዋጋው የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ሌሊት ነው።

ሰማዩ ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ መሬቱ ነው። በብዙ አገሮች ያሉ የጎርፍ ማዕከላት ለየተፋሰሱ በ1፣ በ3 እና በ6 ሰዓት ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ወንዙ ከገደቡ ይወጣል የሚለውን ያሰላሉ፤ ስሌቱም በየዕለቱ ይለወጣል። በሰኔ መጀመሪያ የተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ ይውጠዋል። በነሐሴ ያው መሬት ረጥቦ ስላበጠ ስንጥቁ ተዘግቷል፤ ጠብታ አያስገባም። ስለዚህ በሰኔ ምንም ያላደረገ ዝናብ በነሐሴ ድልድይ ሊወስድ ይችላል። አስፋልት እና ቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ሰኔም ነሐሴም አያውቁም፤ ተፋሰሱ በቤት በተሸፈነ ቁጥር ወንዙ የሚሞላበት ጊዜ ያጥራል። እርከን እና የተከለለ ተራራ ውኃውን ያዘገዩታል፤ እንደ ቢግ ቶምፕሰን ያለ ዝናብ ሲመጣ ግን እርሱንም ያልፈዋል።

የደቻቱ ዓይነት መልክዓ ምድር በድሬዳዋ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በሰሜን ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ደጋው በድንገት ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድበት ጠርዝ በሙሉ ይህንን ይመስላል። በራያ ቆቦ ጎሊና እና ሆርማት፣ በደሴ እና ኮምቦልቻ በኩል ቦርከና፣ በሸዋ ሮቢት ሮቢ፣ ሁሉም ውኃቸውን ከምዕራብ ተራሮች ያመጣሉ። በእነዚህ ወንዞች ዳር ያሉ አርሶ አደሮች ጎርፉን በጠላትነት ብቻ አያዩትም፤ በቆቦ ሜዳ ከወንዝ ጠልፈው ማሳ ያጠጡበታል። በዚህም ምክንያት ወንዙ ሲመጣ ከወንዙ የሚሸሽ ሳይኾን ወደ ወንዙ የሚሄድ ሰው አለ፤ ማስጠንቀቂያ ሲዘጋጅ ይህ መታሰብ ይኖርበታል።

በክረምት ተራራ ላይ ነጎድጓድ የሚበረታው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ፣ ከቀትር እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ እና በደቡባዊ ዳርቻው ደግሞ ሌሊት ላይ ይበረታል። ከሰዓት በኋላ ተራራ ላይ የዘነበው ቆላ የሚደርሰው ሰው ከተኛ በኋላ ሊኾን ይችላል።

ያለ መሣሪያ ሊታይ የሚችል ምልክትም አለ። መብረቅ ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያሉትን ሰከንዶች ቆጥሮ ለሦስት ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ቆጠራው በየ10 ደቂቃው ተደግሞ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል አቅጣጫውም ርቀቱም ካልተለወጠ ደመናው ቆሟል ወይም በዚያው ቦታ እየተተካ ነው። ያ ቦታ የወንዙ ራስጌ ከኾነ በወንዙ ዳር ከብት ማሰር፣ አሸዋ መጫን፣ ባጃጅም ኾነ አይሱዙ ማቆም ተገቢ አይደለም። ጥርት ያለ ውኃ በድንገት ሲደፈርስ፣ ቅጠል እና ጭራሮ ይዞ ሲመጣ፣ ከላይ እንደ ከባድ መኪና ያለ ድምፅ ሲሰማ የቀረው ጊዜ ደቂቃዎች ነው። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው ሸለቆውን ተከትሎ መሮጥ ሳይኾን በጎን ወደ ዳገቱ መውጣት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውኃ ጎልማሳን ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያነሣል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይወስዳል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው ግን በተራራው ላይ የሚኖረው ሰው ነው። ደመናው ሁለት ሰዓት ሙሉ በቀዬው ላይ እንደቆመ ከሳተላይቱ ይልቅ እርሱ ያውቃል፤ የራሱን ጅረት ሲሞላም ያያል። ውኃ በሰከንድ 3 ሜትር ቢወርድ 20 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የስልክ ጥሪ አንድ ደቂቃ ይወስዳል። ይህ እንዲሠራ ከራስጌ ቀበሌ ማን እንደሚደውል፣ በግርጌው ቀበሌ ሌሊት ስልክ የሚያነሣው ማን እንደኾነ፣ ኔትወርክ ከጠፋስ በምን እንደሚጠራ ከሰኔ በፊት በስም ተለይቶ መታወቅ አለበት። ሁለቱ ቀበሌዎች ብዙ ጊዜ በተለያየ ወረዳ፣ አንዳንዴም በተለያየ ክልል ይገኛሉ፤ ወንዙ ግን አንድ ነው።